ለእትዬ ጠጄ የተናገርኩት

ልጅ እያለሁ አፌ ከእግሬ ይፈጥን ነበር። ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ያደጋችሁ የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱ ይሆናል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የክረምቱ ውኃ ገና ከሜዳው አልሸሸም፤ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ደብተራችንን አናታችን ላይ ይዘን እንሻገር ነበር። ጭቃው የበሰበሰ ሣርና የከብት ሽታ ነበረው። ሌሎቹ ልጆች እንዳይወድቁ እየተጠነቀቁ በዝምታ ሲራመዱ፣ እኔ ከወዲህ ዳር የጀመርኩትን ወሬ ወዲያ ማዶ እስክንደርስ አልጨርሰውም። አባቴ "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ይለኝ ነበር። ስለ ራሰ በራ ሰው የሚያወራ እየመሰለኝ እስቅ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስንደርስ መምህር ካሳሁን የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። አርብ አርብ አንድ በአንድ ጥቁር ሰሌዳው ፊት እያቆመ ያናግረን ነበር። "የሰው ዓይን ካስፈራችሁ ግንባሩን እዩ" ይለናል። "አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሰውየው አዎ የሚላችሁን ነገር ጠይቁት። ሦስት ጊዜ አዎ ያለ ሰው አራተኛውን እንቢ ማለት ይከብደዋል።" ለሌሎቹ እንደ ማንኛውም ትምህርት ነበር፤ ደወል ሲደወል ይረሱታል። እኔ ግን ቤት ሄጄ እናቴ ላይ ሞከርኩት። በማግሥቱ ወረታ ገበያ ይዛኝ ሄደች፤ እስከዚያ ቀን ይዛኝ ሄዳ አታውቅም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የእርሻ ባለሙያ መጥቶ ገበሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሰውየው ሩዝ ዝሩ ሊል ነበር የመጣው፤ ነገር ግን ንግግሩ የቢሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ በዘንጋቸው መሬት መሬቱን ይጭራሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በትምህርት ቤት በዓል ላይ ግጥም ሳነብ ሰምቶኝ ኖሮ "እስቲ ይቺ ልጅ ትናገር" አለ። ተነሣሁ። ግንባር ግንባራቸውን አየሁ።

"አባቶቼ፣ ማሳችን ላይ ውኃ አይተኛም ወይ?" አልኩ።

"ይተኛል" አሉ።

"ጤፉ አይበሰብስብንም ወይ?"

"ይበሰብሳል።"

"ታዲያ ይኼ እህል ውኃ ይወዳል ከተባለ፣ ከማሳው ጥግ ትንሽ ብንሞክርለት ምን ይቀርብናል?"

ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ጥቂቶቹ ዘር ወሰዱ። ሴቶቹ እናቴን "የልጅሽ አፍ ይባረክ" አሏት። አባቴ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ቀድሞኝ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ጠጄ ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሙላት ስሙ ከተጠራ ቀን ጀምሮ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይናገርም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊቀመንበሩ አጥራችን ሥር ጠብቆ አስቆመኝ።

"ከቀበሌያችን አንድ ሰው ይጎድላል" አለኝ። "ሙላት ካልቀረበ ተከታዩ የማን ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አወቅሁ። ወንድሜ ደሴ በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር።

"እናቲቱ አንቺን ትሰማለች። በፈቃዱ የቀረበ ጎንደር እንደሚቀመጥ ንገሪያት። በአፈሳ የተያዘ ነው ሰሜን ጦር ግንባር የሚሄደው።"

እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ይኸው ነው። ለምኑም ለምኑም ጥያቄ የማላጣ ልጅ፣ ያን ቀን የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

እትዬ ጠጄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ፍሬውን ከጥጡ መልቀም ጀመርኩ።

"ሙላት ሳል ይዞታል አሉ፣ እትዬ ጠጄ።"

"አዎ፣ ይዞታል።"

"ውኃ ዳር እያደረ ይብስበታል አይደል?"

"አዎን፣ ይብስበታል እንጂ።"

"ታጣቂዎቹም አንድ ቀን ማግኘታቸው አይቀርም።"

እንዝርቱን አቆሙት። "አይቀርም፣ ልጄ" አሉ።

ሦስተኛው ነበር። በልቤ ቆጥሬያለሁ።

"በፈቃዱ ከቀረበ ጎንደር ያስቀምጡታል፤ መጋዘን ነው የሚጠብቀው። ለፋሲካም ፈቃድ ይሰጡታል" አልኳቸው። የመጋዘኑንና የፋሲካውን ነገር ሊቀመንበሩ አልነገረኝም፤ ከራሴ ጨመርኩት። አፌ ላይ ሲመጣ ያምር ነበር።

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ትምህርት ቤት ሰማሁ።"

ትኩር ብለው አዩኝ። ግንባራቸውን እያየሁ ጠበቅሁ። ከዚያ እንዝርቱን አስቀምጠው ነጠላቸውን ተከናነቡና ወደ ሐይቁ መንገድ ሄዱ።

ሙላት በሦስተኛው ቀን ቀረበ። የሚሄዱትን ወረታ ላይ በጭነት መኪና ሲያሳፍሯቸው አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ፀጉሩን ተላጭቶ ልጅ መስሏል። እናቱ የፈተሉት ጥጥ ገና ጋቢ አልሆነለትም፤ በስስ ነጠላ ነበር የተሳፈረው። ከላይ ሆኖ አየኝና "ስንዱ፣ ለፋሲካ እንገናኝ" ብሎ ሳቀ። እናቶች ያለቅሱ ነበር። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙ የቆመ እግር ከጉልበት በታች የሌለ እንደሚመስለው፣ እኔም ውስጤ የሌለ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ራቴን በላሁ። ደሴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይበላ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ሰኔ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ የማነበውም እኔ ነበርኩ። የተጻፈው ከጎንደር አይደለም፤ ከሰሜን፣ ከከረን ነው። የቦታውን ስም ሳልዘል አነበብኩላቸው። እትዬ ጠጄ እስከ መጨረሻው ሰሙና "ብርድ አለው ይሆን?" ብቻ አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እሳቸው ግን ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ይስሙኛል፣ የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ የምጽፈው አሁን ነው፤ ያኔ የሚሻለኝም የሚከፋኝም አልነበረም። መናገር እንኳ አልተውኩም። በትምህርት ቤት በዓል ላይ ግጥም ማንበቤን ቀጠልኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ደሴም ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ምልመላው ሳይደርስበት አለፈ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የተበተነው ወታደር በሱዳን ዞሮ፣ በጎንደር በኩል በወረታ ማለፍ ጀመረ። ባዶ እግሩን የሚሄድ ነበር፣ በሰው ትከሻ የሚሄድም ነበር። እትዬ ጠጄ አንድ ጠዋት ቤታችን መጡ። በአንድ እጃቸው ውኃ የሞላ ቅል፣ በሌላው በሶ ይዘዋል።

"ነይ አብረሽኝ ሂጂ" አሉኝ። "እኔ ስጠይቃቸው አይሰሙኝም። አንቺ ጠይቂልኝ።"

ሄድኩ። ዘጠኝ ቀን መንገዱ ዳር ቆምን። እሳቸው ውኃ ይሰጣሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ። "ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ሙላት የሚባል የፎገራ ልጅ፣ ከረን የነበረ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ታውቃለህ?" ቃሉ ሳይለወጥ፣ ድምፄም ሳይለወጥ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እንጃ። አንዱ ውኃውን ጠጥቶ ከንፈሩን ጠረገና "እህቴ፣ ስንት ሙላት ነበረ መሰለሽ" ብሎኝ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን መንገዱ ጭር አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ጠጄ ባዶውን ቅል ጭናቸው ላይ አድርገው "ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ እንደላከሽ አውቅ ነበር" አሉኝ። "አጥራችሁ ሥር ሲያነጋግርሽ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ላኩት፣ እትዬ ጠጄ?"

"አንቺ ስትናገሪው እውነት ይመስል ነበር። እኔም እውነት ቢሆንልኝ ወደድኩ።"

በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ እንባ ይሁን ላብ አላየሁም። "ተነሺ፣ ይመሽብናል" አሉኝ። ቅሉን ተቀብያቸው አብረን ተመለስን። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ለደሴ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። ያኔ አንድ ሰው ለማሳመን ደጁ ድረስ ሄዶ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ጥጥ አብሮ መልቀም ነበረበት። ዛሬ የማያውቁት ሰው በስልክ ገብቶ ያሳምናል። ባለፈው ወር የደሴ ልጅ እንዲህ አሳምነዋት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ተነሥታ እኔ ጋ መጣች። ስልኳን ሰጠችኝ፤ አንዲት ሴት ስለ ደመወዙና ስለ ቤቱ ትናገራለች። አነጋገሯ ያምራል፣ አትቸኩልም።

"ልሂድ ወይስ ልቅር፣ አክስቴ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ" አለችኝ።

ቅሪ ማለት እችል ነበር። ሦስት ጊዜ አዎ ማሰኘት ዛሬም አያቅተኝም። የማውቀውን ነገርኳት፤ ጥቂት ነው። የቀረውን አላውቅም አልኳት። የምጨምረው ያለ መስሏት ፊት ፊቴን እያየች ጠበቀች። አልጨመርኩም። እጇን ይዣት ተቀመጥኩ።