ቀይ ሽንት በሃይላንድ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ጉዮ ቀይ ሽንት በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ በሬን አንኳኳ።

የእህቱ የሐሊማ ነው። ለጡት ካንሰሯ ናይሮቢ የመጀመሪያውን ኬሞ ወስዳ ትናንት በአውቶቡስ ገብታለች።

"ደሟን እያፈሰሱት ነው! ሁለተኛ አትሄድም!" አለኝ።

ተከትዬው ቤታቸው ሄድኩ። ደም ሳይሆን የመድኃኒቱ የራሱ ቀለም እንደሆነ ነገርኳቸው። ከአፈር ውስጥ ተህዋስ የተገኘ ቀይ አንቲባዮቲክ ነው፤ እዚህ ሥራው ግን ጀርም መግደል ሳይሆን የካንሰሩን ሕዋስ እንዳይባዛ ማገድ ነው። ቀለሙ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል፤ ካልጠራ ነው ወደ ሐኪም መሮጥ።

ጉዮ ሳቀብኝ። "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ንባብዎ ባልዎን አዳነ እንዴ?"

"ያኔ አላነበብኩም ነበር" አልኩት። "እኔም የእሱን ቀይ ሽንት አይቼ ነው ሁለተኛ አትሄድም ያልኩት።"

ሐሊማ ከፍራሿ ቀና ብላ ወንድሟን "ቲኬቴን ቁረጥ" አለችው።

(ጉዮ ጠርሙሱን ግን እስካሁን አልወሰደውም፤ ደጄ ላይ ተቀምጧል።)

"ሽንትሽ ቀይ ይሆናል፣ አትደንግጪ" ማለት ለሐኪም ቤት ሰዎች ምን ያህል ከባድ ነው? ለባሌም የነገረው አልነበረም። ለእናንተ ወይም ለታመመባችሁ ሰው ቀድሞ የነገረ ነበር?