ከድጃን የሚጥል በሽታ ነበረባት እንጂ ጋኔን አልያዛትም

ዛሬ ጠዋት እዚህ ኩዌት፣ ራይ ሰፈር፣ የምሠራበት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ደዋይዋን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። "የቷ ከድጃ?" አልኩ። የማውቃት ከድጃ አንዲት ብቻ ናት።

የወሎዋ ከድጃ ማህቡላ ሰፈር፣ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ምክንያቱን ሐኪሞቹ ገና አልተናገሩም። እዚህ ፌስቡክ ላይ ግን ጋኔን መሆኑ ከቀትር በፊት ተወስኗል።

እንግዲህ ስሙኝ። ከድጃ የሚጥል በሽታ ነበረባት። "ለቤተሰቧ ክብር ስትል አትጻፈው" ያላችሁኝ፣ እሷ ደብቃው አታውቅም። ለአሠሪዋ ለማዳሟ እንኳ ሥራ የገባች ቀን ነግራታለች። ደግሞ የምጽፈው ለሞተችው ብቻ አይደለም። አብራት ሐኪም ቤት ትመላለስ የነበረች አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፤ መናገር የራሷ ፋንታ ነው። በሽታቸው አንድ፣ መድኃኒታቸውም አንድ ነው። የእናንተን ኮሜንት አንብባ ክኒኑን ልትጥል ነበር።

ከድጃን ያወቅኋት አባሲያ ሰፈር፣ አንድ አርብ ከሰዓት፣ እንግድነት በሄድኩበት ቤት ወድቃ ነው። እንደ ልማዳችን ሁሉም ክብሪት ፍለጋ ሮጠ። አንዷ ጫረችና ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘች። ሌላዋ "አይንኳት ጋሼ፣ ይተላለፋል!" ብላ ክንዴን ጎተተች። ክብሪቱን ቀምቼ ጣልኩ። በጎኗ አስተኝቼ ራሷ ሥር ትራስ አደረግሁና ሰዓቴን ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ነቃች፤ አሸተተች። "ደግሞ ለኮሳችሁኝ? ምድጃ ነኝ እንዴ?"

በሳምንቱ ካርቶን ቀድጄ ሄድኩ። አገር ቤት የተማርኩትም ያስተማርኩትም ባዮሎጂ ነው። አንጎልን ሳልኩላት። የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው፤ አንዱ ይለቃል፣ ማዶ ያለው ተቀባይ የራሱን ለይቶ ይይዛል። ዶፓሚን ለመነሳሳት፣ ሴሮቶኒን ለስሜትና ለእንቅልፍ፣ አሴቲልኮሊን ለጡንቻና ለማስታወስ። ግሉታሜት ነዳጅ ይረግጣል፤ ጋባ ፍሬን ይይዛል። ሚዛኑ ሲዛባ ብዙ ሴሎች ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ሰው ይወድቃል። ጋኔን የሚቀመጥበት ትርፍ ቦታ የለም።

ካርቶኑን ወደ ራሷ አዞረችው። "ጋሼ፣ እኔ ጋ ያነሰው ጋባው ነው ወይስ ተቀባዩ ነው የሰነፈው?"

"ያንቺን አላውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል።"

"ካላወቁ ታዲያ ጋኔን ነው ሲሉ ምን ያስቆጣዎታል?"

ሴቶቹ ሳቁብኝ። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ስቆም ጋባው ነው ተቀባዩ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ "ምን ሆንሽ?" ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ፦ "ፍሬኔ ላልቷል እንጂ ሹፌሯ ደህና ናት።" ክኒኗን በሰዓቱ እየዋጠች ሁለት ዓመት ሳትወድቅ ሠርታ በላች። የጋኔን ሊቃውንት፣ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ዛሬ ከሰዓት ያቺን ስሟን ያልጻፍኩትን ልጅ ማህቡላ አገኘኋት። ክኒኑ እጇ ላይ ነበር።

"እሷ እየዋጠች ሞተች። እኔ ለምን እውጣለሁ ጋሼ?"

አልዋሸኋትም። መድኃኒቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም አልኳት። በድንገት ማቋረጥ ግን ራሱ ይጥላል፤ ሊገድልም ይችላል። ይህን ሁለት ጊዜ አልኳት።

ክኒኑን እጇ ላይ እያገላበጠች፣ "ከድጃ ብትሰማኝ ምን ትለኝ ነበር?"

"ትሰድብሽ ነበር።"

አለቀሰች። መሀል ላይ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ።

ከድጃ፣ ክኒኑን ዓይኔ እያየ ዋጠችው። ለነገ ቃል አላስገባኋትም፤ ነገ ራሴ ሄጄ አያታለሁ። ስምሽን ከበሽታሽ ስም ጋር ሳላፍር ጽፌዋለሁ፤ ጽሑፉን የሚያስጠፋኝ ካለ ይምጣ። አንቺ ብዙ ተከራከርሽ፤ ደክሞሻል። አላህ ሰፊ ቦታ ይስጥሽ። ሂጂ እህቴ፣ የቀረውን ክርክር ለእኔ ተይው።