ተራችሁ እስኪል

ኧረ ተዉኝ! የዚያን እሁድ ነገር ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ መስታወት ቆራጭ ነው። የመስኮት፣ የጠረጴዛ፣ የሱቅ መደርደሪያ መስታወት ይቆርጣል፤ እጁ ስቶ አያውቅም። ምላሱ ግን ይያዛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል፣ ሰው ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ደንበኛ ይመጣና «መቼ ይደርሳል?» ይለዋል። «ሰ... ሰ...» ይላል ወንድሜ። «ሰኞ? በቃ፣ ሰኞ እመጣለሁ!» ብሎ ሰውየው ይሄዳል። ወንድሜ ሊል የፈለገው «ሰሞኑን አይደርስም» ነበር። ግን ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል፤ መነቅነቅ ይቀለዋላ! ሰኞ ሲደርስ ደግሞ ውሸታም ተብሎ ይሰደባል። ዘመድ አዝማዱ «ጭምቱ» ይለዋል። ጭምት አይደለም። የሚያስጨርሰው አጥቶ ነው እንጂ!

ይሄው ሰው እሁድ ከሰዓት ሌላ ሰው ይሆናል። በኢንተርኔት አምስት ሰዎች ሰብስቦ ጨዋታ ይመራል። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ እነሱ በታሪኩ ውስጥ አንዱ ሌባ፣ አንዷ ሐኪም፣ ሌላው ወታደር ሆነው ይጫወታሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ዳይስ ተወርውሮ ይለያል። ወንድሜ ንግሥት ሲሆን፣ ዘንዶ ሲሆን፣ ነገረኛ አሮጊት ሲሆን ምላሱ አይያዝም። መጀመሪያ ጊዜ በግድግዳው በኩል ስሰማው እንግዳ የገባ መስሎኝ ነበር። ተጫዋቾቹም እስከዚያ እሁድ ድረስ መንተባተቡን አያውቁም ነበር። እነሱ ዘንድ እሱ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ በዚህ ዓለም እንደዚያ የሚያውቁት እነዚያ አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ቦታውን ያዘጋጀው ራሱ ነው። መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ሞክሮ ነበር፤ ዙሪያው መስታወት ስለሆነ ድምፁ እያስተጋባ «ጉድጓድ ውስጥ ነህ እንዴ?» አሉት። ከዚያ የኋላውን ክፍል ግማሹን እናታችንን ለምኖ ወሰደ። የተሰበረውን ወንበርና የአሮጌ ልብስ ሻንጣውን አብረን አወጣን። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ በሩ ላይም አንድ እንደ መጋረጃ። ጠረጴዛው ላይ ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግቶ ጠርዙን ያለሰለሰውን መስታወት ከላዩ አስተኛ። ካርታውን በማርከር መስታወቱ ላይ ይስላል፣ ሲያበቃ በጨርቅ ይጠርገዋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ምልክት እንዲሆን ካርታው ላይ አንድ የኮት ቁልፍ ያስቀምጣል። ካሜራው ከላይ ቁልቁል ነው የሚያየው፤ እጁን እንጂ ፊቱን አያሳይም። መብራቱ መስታወቱ ላይ ሲያንፀባርቅ ዝቅ አድርጎ በጎን አዞረው። ዳይሱ ሲንኳኳ ማይኩን እንዳይረብሽ ደግሞ የእኔን ኮት እጅጌ ቆርጦ መወርወሪያው ሳህን ላይ ለጠፈው። አስፈቅዶኝ መሰላችሁ? ቁልፎቹስ የማን ይመስላችኋል?

ጨዋታው አንድ የማይጣስ ሕግ አለው። እሱ «ተራችሁ» እስኪል ድረስ ማንም አይናገርም።

አሁን ወደ ታላቅ እህቴ ባል ልምጣ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንለዋለን፣ ዞር ሲል «ሊቀመንበሩ»፤ ያልተጠራበትን ሁሉ ይመራላ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱን ሁለቱም አግኝተውታል። «ያደገ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ተወሽቆ ብቻውን ሲያወራ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል!» እያለ መክረሙን አውቃለሁ። ሰው የሚለው ራሱን ነው።

የዚያን እሁድ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ለምሳ ይዞ መጣ። ከኋላ የንግሥቲቱ ድምፅ ሲሰማ «ኑ፣ ጉድ ላሳያችሁ!» ብሎ ተነሣ። ሮጬ ልቀድመው ስል ብርድ ልብሱን ጎትቶ ከነመንጠቆው ነቀለው። ወንድሜ ደንግጦ ሲዞር የማዳመጫው ገመድ ተነቀለ፤ ማይኩ ግን ክፍት ነው።

«ድ...» አለ ወንድሜ። «ድ... ድ...»

አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። በንግሥት ድምፅ ሳይሆን በራሱ ድምፅ ነበር፤ አምስቱም ሰሙት።

«ድመት!» አለ ሊቀመንበሩ። «ድንች! ድስት! ና ባክህ ምሳህን ብላ!» እንግዶቹ ሳቁ። እህቴ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። እኔማ ዓይኔ ደም ለበሰ።

ይሄኔ ከላፕቶፑ የሴት ድምፅ መጣ፤ ሐኪሟን የምትጫወተው ናት። «ማን ነው ጣልቃ የሚገባው? መሪያችን ገና ተራችሁ አላለንም።»

ከዚያ ዝም። አምስቱም ዝም። አንዳቸውም ቃሉን አልቀደሙትም፣ አንዳቸውም «አይዞህ» አላሉትም። ጠበቁት፣ በቃ። ወንድሜ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ «ድ... ድ...» እያለ ታገለ። ሊቀመንበሩ እንደገና አፉን ሲከፍት ክንዱን ይዤ «ጋሼ፣ ይውጡልኝ! አሁኑኑ ይውጡ!» ብዬ ወደ በሩ ገፋሁት። ንዴቴ አንቱታውን አላስረሳኝም፤ አሳዳጊ አለኝ።

«ድ... ድልድዩ ተሰበረ» አለ ወንድሜ ከኋላዬ። «ተራችሁ።»

አምስቱም በአንድ ጊዜ መንጫጫት ጀመሩ። ሌባው ወንዝ ውስጥ ወድቋል አሉ፤ ስለ መንተባተቡ ያነሣ የለም።

ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ አለቀና ወንድሜ ወጥቶ ከእኛ ጋር ገበታ ቀረበ። ሊቀመንበሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ መሥሪያ ቤቱ ይደሰኩራል። ወንድሜ ቀና ብሎ አየውና «ብ... ብ...» አለ።

«ብርጭቆ ነው ልጄ? ላምጣልህ» አለች እናቴ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

«ቁጭ በይ፣ እማ» አልኳት። «ገና ተራችሁ አላለም።»

እናቴ አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እንግዶቹ እጃቸውን ከሳህን አነሡ። ወጡ እየቀዘቀዘ ጠበቅነው።

«ብ... ብርድ ልብሱን» አለ ወንድሜ፣ «እርስዎ ነዎት መልሰው የሚሰቅሉት፣ ጋሼ። ከ... ከነመንጠቆው።» ጉሮሮውን ጠረገና ጨመረ። «ተራዎ ነው።»