ቁልፍ ሰፊዋና ዘጠኙ ወላዋዮች

ስለ ቁልፍ ሰፊዋ ደግ ደጉን ልጽፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ግን እሷን ለማመስገን መጀመሪያ የራሴን ጉድ ማውጣት አለብኝ፤ ሌላ መንገድ የለም።

ሠላሳ አንድ ልብስ ሰፊዎች በአንድ አዳራሽ እንሠራለን። እሷ ከመጸዳጃው በር አጠገብ ተቀምጣ የሁላችንንም ኮትና ሸሚዝ ቁልፍ ስትሰፋ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ስሟን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር! ለማኅበራችን ሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ ስትል ሳቅንባት። ወንበሩ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተደላደለው ሊቀመንበርም "ደግሞ ቁልፍ ከኮት ጋር ይወዳደር ጀመር?" አለ።

እሷ ግን አስልታ ነበር። አሥራ ሁለቱ የእሱ ናቸው፤ ወይ ዘመድ ወይ ባለውለታ። አሥሩ በእሱ የተማረሩ ናቸው፤ ሳትለምናቸውም ይመርጧታል። የቀረነው ዘጠኝ ወላዋዮች ነን። ወደ እኛ መጣች። በምሳ ሰዓት በርጩማዋን ይዛ አጠገብህ ትቀመጣለች፤ የጀመርከውን ኮት ተቀብላ ቁልፉን እየሰፋች፣ "ማንን እንደምትመርጥ አትንገረኝ ወንድሜ። ጠይቀህ መልስ ያጣህበትን ንገረኝ" ትላለች። ከዚያ ትሰማለች። መስማት ብቻ! ይህን ለማድረግ አሥራ አንድ ዓመት ያልበቃው ሰው ነበር የሚመራን።

ነገሩ ሲሸተው ሊቀመንበሩ ጠራኝ። "ሽማግሌውን አነጋግራቸው፣ አንተን ይሰማሉ። ብርሃን ያለውን የመስኮቱን ቦታ እሰጥሃለሁ።" ሽማግሌው ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከዘጠኙ ግማሹ የሚያየው ግን እሳቸውን ነው። ሄድኩና፣ "አባባ፣ ይቺ ሴት ከተመረጠች ዓይኑ የደከመውን ሁሉ ታባርራለች" አልኳቸው። ለመስኮት! ከዚያ ወዲያ እሷ ስትጠጋቸው ምሳቸውን ጥለው ይወጡ ጀመር። እኔም እያየሁ እበላለሁ።

በምርጫው ዕለት በሁላችን ፊት ተነሳች። "አባባ፣ ለምን ይሸሹኛል?"

"ልታባርሪኝ ነው አሉ።"

"ማን አለ?" ብሎ የጠየቀው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ዓይን አውጣ!

አባባ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። "ረሳሁት" አሉ። የሃያ ዓመት ደንበኛን የልብስ ልክ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው፣ ረሳሁት!

"ማን እንዳለው ይቅር" አለች። "ፍርሃቱ ግን እውነት ነው፤ የሁላችንም ዓይን ይደክማል። አባባ እኛ በመነጽር እያየን የምናልፈውን ጉድለት በጣታቸው ያገኙታል። ያለቀ ልብስ ሁሉ በእሳቸው እጅ ይፈተሽ። እርስዎስ ጋሼ፣ ምን ይላሉ?"

"እናጠናዋለን" አለ ሊቀመንበሩ።

"አሥራ አንድ ዓመት አጥንተህ ፈተናው መቼ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኛ የምንመርጠው ቁልፍ ጣሳ ውስጥ በመጣል ነው። ድሮ ቡኒና ጥቁር ነበር፤ ለአባባ ቀለሙን ለይቼ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ በእሷ ጥያቄ ባለ ሁለት ቀዳዳው ለእሱ፣ ባለ አራቱ ለእሷ ሆነ። አባባ ልረዳቸው የዘረጋሁትን እጅ ገፋ አድርገው፣ ዳስሰው፣ ራሳቸው ጣሉ።

አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ሁለት። ዘጠኛችንም መርጠናታል፤ እኔም ጭምር፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ማንም ሳያየኝ። የፈሪም ድምፅ ይቆጠራል፤ ፈሪውን ግን አያነጻውም። ጭብጨባው ሲቀልጥ እኔም አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ተጠግቼ የአባባን ክንድ ያዝኩ።

"ረሳሁት ያልኩት" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንተ ራስህ ተነስተህ እንድትናገር ፋታ ልሰጥህ ብዬ ነው። ጠብቄህ ነበር እኮ።"

ክንዳቸውን ከእጄ አስለቅቀው ብቻቸውን ደረጃውን ወረዱ።