ባኞ ውስጥ የሚሞከረው የማርሊን ማባበያ

ያሳደጉኝን አጎቴን ከቀበርን ወራት አልፈዋል። ካልጋሪ ከተማ፣ ሳቫና የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን አሁን ጸጥ ብሏል፤ ባኞውም ያለ ወረፋ ይገኛል።

አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ማርሊን ለሚባለው ግዙፍ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ማባበያ ይሠሩ ነበር። ያስተማራቸው በየዓመቱ ሜክሲኮ ሄዶ የሚያጠምደው ጎረቤታችን ነው። የማባበያውን ጭንቅላት ሬዚን ከሚባል ፈሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ ሠርተው ያለሰልሱታል፣ ዓይን ይለጥፉለታል፣ የተሸነሸነ የላስቲክ ቀሚስ ያለብሱታል፤ ከጀልባ ኋላ ሲጎተት ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ነው። ካልጋሪ ግን ባሕር የላትም። ስለዚህ ባኞውን ሞልተው፣ አጠገቡ ተንበርክከው፣ ከዳር እስከ ዳር በክር ይጎትቱታል። አረፋ ካልተከተለው "ይሄ አይተነፍስም" ብለው እንደገና ሊሞርዱት ይወስዱታል።

"ጋሼ፣ ሻወር ልወስድ ነው፤ ሺፍቴ ደረሰ" እላቸዋለሁ።

"አንዴ ታገሺኝ ልጄ፣ ሊተነፍስ ነው" ይሉኛል።

ማርሊን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዘንድሮ ከጎረቤታችን ጋር ሊሄዱ አዲስ ሻንጣ ሁሉ ገዝተው ነበር። ጉዞው ሳይደርስ ልባቸው ቆመ።

ጎረቤታችን ብቻውን ሄዶ ባለፈው ሳምንት ቪዲዮ ላከልኝ። በአጎቴ ማባበያ የተያዘው ማርሊን ከውሃው ዘሎ ሲወጣ ያሳያል፤ ጀርባው ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ስልኬን ለአጎቴ ባለቤት ለእትዬ ሰጠኋቸው። እትዬ ደጋግመው አዩት።

"አሁን ይሄን ለማን ላሳየው?" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩላቸው።