በግራ አውራ ጣቴ የጻፍኩት ሰላምታ

መጀመሪያ የከዳኝ ማሾው ነው። ሮቢት ካለው መጋዘኔ ደጃፍ ላይ አንድ የቀወት ገበሬ ያመጣውን ማሾ እንደ ልማዴ በቀኝ እጄ ዘገንኩ። እርጥበቱን የማውቀው ጨብጬ ነው። ፍሬው በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ደግሜ ዘገንኩ። ደግሞ ፈሰሰ። ገበሬው ዋጋ ለመስበር ንብረቱን የናቅኩበት መስሎት ፊቱን አጠቆረ። እንደዚያ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም።

ጎረቤቴ ሁሴን ከሱቁ ሮጦ መጣ። አፌ ወደ አንድ ጎን መሄዱን አየና ወዲያው ፈረደ።

"ምች ነው! ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ላይ ትቀመጣለህ፣ ስንቴ ልንገርህ?"

ዳማከሴ አስመጥቶ አሽቶ አስሸተተኝ፤ ጭማቂውን ግንባሬን ቀባኝ፤ በጋቢ ጠቀለለኝ። በሮቢት ፀሐይ፣ በጋቢ! በሽታው ቢምረኝ ጋቢው አይምረኝም ነበር። ሁሴንን አልወቅሰውም። እሱ ቢታመም እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው። ግን ሦስት ሰዓት ያህል በላብ ተጠምቄ ተኛሁ፤ ያ ሰዓት ዛሬም ይቆጨኛል።

ባለቤቴ ዘይነባ ስትመጣ ፊቴን አላየችም። እጄን አነሣችው። ለቀቀችው። ወደቀ።

"ምች እጅ አይሰብርም፤ ባጃጅ ጥሩ!" አለች።

ጤና ጣቢያ ግፊቴን ሁለቴ ለኩት። በአምቡላንስ ደብረ ብርሃን ወጣን። ሐኪሙ እግሬን ጫረው፣ ዓይኔን በመብራት አየው።

"ስትሮክ ይመስላል" አለ። "ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?"

"ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ" አለች ዘይነባ።

ሰዓቱን አየ። መዝገቡ ላይ ጻፈው።

"የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?"

እወስድ ነበር። ማለቴ፣ ጀምሬ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ለክታኝ ጤና ጣቢያ ሰደደችኝ፤ ክኒን ተሰጠኝ፤ ሁለት ወር ዋጥኩ፤ ራስ ምታቴ ሲለቀኝ ድኛለሁ ብዬ ተውኩት። ራሴን እንደ ብልህ ነጋዴ ነው የምቆጥረው። ያን ያህል ሞኝነት ግን ከማንም ገዝቼ አላውቅም። ኋላ ሲቲ ስካን ተነሣሁና የደም ሥር መዘጋቱ ተረጋገጠ።

እግሬ ቶሎ ተመለሰልኝ። ቀኝ እጄና ምላሴ ግን ቀሩ።

የእኔ ንግድ ደግሞ በምላስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ደንበኛዬ ጋሼ ታደሰ ፊቴን ያየው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ የሚያምነው ድምፄን ነው። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ደወልኩለት። የምለውን ሰማ፣ ሰማና፦

"ማነህ አንተ? በጠዋት ሰክረህ ነው ሰው ላይ የምትደውለው?" ብሎ ዘጋው።

በሕይወቴ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን ዘይነባ ታነሣው ጀመር። "እንዴት ነው?" ሲሏት "ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች፤ እኔ አጠገቧ ደህና አይደለሁም ለማለት አንደኛውን ቃል እየጀመርኩ። ሰዎች ሊጠይቁኝ መጥተው ስለ እኔ እሷን ይጠይቃሉ። "ይበላል? ይተኛል?" እንደ ታመመ በሬ። ከሞት ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ በሕይወት እያለሁ ሰው ስለ እኔ እየተናገረልኝ መኖር።

የቀረኝ መጻፍ ነበር። የባለቤቴ እህት ከዓረብ አገር የላከችው ስማርት ስልክ ነበረኝ፤ ያኔ ሮቢት ውስጥ ብርቅ ነው፤ ስፋቱ የፊት መስታወት ያህላል። በአንድ እጅ ያዝኩት፤ አውራ ጣቴ ግማሹን ፊደል አይደርስበትም። ተኝቼ ስሞክር አፍንጫዬ ላይ ወደቀ። ስትሮክ ያልነካው አፍንጫዬን ብቻ ነበር።

ደግሞ ዋናው ችግር ሌላ ነው። እኛ በግራ እጅ አንሰጥም፣ አንቀበልም፣ ሰላምም አንልም። መልእክት የምጀምረው በአሰላሙ አለይኩም ነው፤ ለጋሼ ታደሰ እንኳ፣ ለምዶታል። ይህን በግራ እጄ ልጻፍ? ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ በማይታዘዘኝ ቀኝ ለሳምንታት ታገልኩ። "አ"ን ለመንካት ሄጄ ስልኩን አጠፋዋለሁ። ማሾ ተወቅቶ ገበያ እየወጣ ነው፤ ጋሼ ታደሰ ከሌላ ነጋዴ ሊስማማ እንደሆነ ሁሴን ነገረኝ።

በመጨረሻ የመስጊዳችን ሼህ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ በስንት መከራ፣ ጠየቅኳቸው። ታግሠው አዳመጡኝ።

"ልጄ፣ ሰላምታው የደረሰው ሰው እጅህን አያይም" አሉ። "አላህ ደግሞ የትኛውን እንዳተረፈልህ ያውቃል። ጻፍ።"

በቀጣዩ ቀጠሮ፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እጄን ወደምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ከጎንደር የተመደበች፣ ስትስቅ እንኳ የምትቆጣ የምትመስል ልጅ ናት። አያያዜን አየችና፦

"ጋሼ፣ ስልኩን አይሸከሙት። ያስቀምጡት። ትንሿ ጣትዎ ላይ ካሳረፉት እኮ ይቺንም እጅ ያሳምሟታል።"

ቤት ስመለስ ዘይነባ የጡብ ስፋት ያላት ከረጢት ሰፋችና ማሾ ሞላችባት። ከረጢቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስልኩን ሳስደግፈው ጎድጎድ ብላ ትይዘዋለች፤ አንጓዬ አይታጠፍም፣ ትከሻዬ አይነሣም፤ ቀኝ እጄን ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳለችው የከረጢቷ ጠርዝ ላይ አጋድመዋለሁ፣ ሥራ ባይሠራ ክብደት ይሁን ብዬ። ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ኪቦርዱን አጥብቦ ወደ ግራ ጠርዝ የሚያስጠጋውን አገኘን፤ አውራ ጣቴ ከዳር እስከ ዳር ደረሰች። ሁለት ፊደል ስነካ ስልኩ ቃሉን ገምቶ ከላይ ይደረድርልኛል፤ የሰው ሐሳብ መገመት የእኔ ሙያ ነበር፣ በስተርጅና ተገመትኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቀኝ እጄን ማሾ የሞላበት ገበታ ውስጥ ከትቼ ፍሬውን ለመጨበጥ እለማመዳለሁ።

ለጋሼ ታደሰ የላክሁት የመጀመሪያ መልእክት ይህ ነው፦ "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ ታደሰ። ያን ቀን የደወልኩት እኔ ነኝ። ታምሜ ነው እንጂ አልሰከርኩም። ማሾው ደርሷል።"

ኔትወርክ ጠፋ። ተመለሰ። መልሱ መጣ።

"ስንት ኩንታል?"

እንዴት ሆንክ የለ፣ እግዜር ይማርህ የለ። ዘይነባ ተናደደች። እኔ ግን ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ። ከታመምኩ ጀምሮ እንደ ጤነኛ ሰው ያናገረኝ እሱ ነው። ማታ ላይ ደግሞ ሌላ መልእክት ጨመረ፤ "ስለ ስካሩ ይቅርታ።"

አሁን ንግግሬ ተቃንቷል፤ ስቸኩል ብቻ ይጎተታል፣ ስለዚህ አልቸኩልም። ዘይነባን፣ ሼሁን፣ ያቺን ተቆጪ ልጅ አመሰግናለሁ። ሁሴንንም፣ ከጋቢው በቀር።

አንተም ይህ ከደረሰብህ፣ አንቺም ታማሚ የምታስታምሚ ከሆነ፣ የምላችሁ ይኸው ነው። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ቃል ሲኮላተፍ ሰዓቱን ያዙና ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ዳማከሴው የትም አይሄድም። የግፊት ክኒን ስለተሻላችሁ አይቆምም፤ የተሻላችሁ በእሱ ነው። ስልክ ስትገዙ እጃችሁ የሚጨብጠውን እንጂ ጎረቤት የሚያደንቀውን አትምረጡ። አስደግፉት፣ ኪቦርዱን ወደ ደህናው እጅ አስጠጉት፣ አውራ ጣት ማቃጠል ስትጀምር መልእክቱን ለነገ አቆዩት፤ ገዢ ከሆነ ይጠብቃል። የታመመውንም እጅ ከሥራ አታስወጡት። አጠገብ ይቀመጥ፣ ሥራውን ይመልከት።

ይህን ሁሉ በግራ አውራ ጣቴ፣ ማሾዋ ላይ አስደግፌ፣ በአሥራ አንድ ቀን ጻፍኩት። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ግን ለቀኙ ተውኩለት። ሦስቴ ስቷት፣ ይኸውና አገኛት።