የሶስናን ዕድሜ ይዤ ወደ ናይሮቢ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ያቤሎ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። የያዝኩት አንዲት ትንሽ ሻንጣና በላስቲክ የጠቀለልኩት የልደት ምስክር ወረቀት ነበር። ወረቀቱ የእህቴ ልጅ የሶስና ነው። እህቴ ጽጌ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ በአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ሶስና ከልደቷ ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። እዚያው ናይሮቢ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የኬንያ መንግሥት በመደበው ገንዘብ አዲስ የሕፃናት ክፍል ተሠርቶ፣ ለቀዶ ሕክምና ተራዋ ደርሶ ነበር። እዚያ የሚታከሙት ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያሉት ብቻ ናቸው። ስሟ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ግን ዕድሜዋ አሥራ አራት ሆኖ ወጣና አዋቂ ሴቶች ክፍል አስተኟት። ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው። የልደት ወረቀቷን ፎቶ በስልክ ብንልክ፣ ዋናው ወረቀት ካልመጣ አሉን።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አምና ልጠይቃቸው ሄጄ የሆስፒታሉን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። የክትባት ካርዷን አየሁና የተወለደችበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ገለበጥኩት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰውዬ ስምንት መደመር ረሳሁ! የእኛ ሰው አገር ሲለቅ ገንዘቡንም ቋንቋውንም ይቀይራል፤ ዓመቱን ግን አይቀይርም። ይህን ለጽጌ አልነገርኳትም።

ዲላ ላይ ለሽሮ ሁለት መቶ ብር ከፈልኩ። ሽሮው ቀጥኗል፣ ዋጋው ወፍሯል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ያዘን፤ ያቤሎ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሞያሌ

ድንበሩ ላይ ኬንያዊው መኮንን ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ፈትቼ አሳየሁት። ቀና ብሎ አየኝና ፓስፖርቴን መታልኝ።

የናይሮቢው አውቶብስ ሦስት ሺህ ሽልንግ ነው። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው፣ ግራና ቀኙ ግን እሾህና ግመል ብቻ። አጠገቤ አንዲት የቦረና ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። አማርኛዋን የለመደችው ሞያሌ ገበያ ነው።

«ወደ ሐኪም ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ ናይሮቢ። በእኛ በኩል አዲስ የልጆች ቤት ሠርተውልናል። አልጋው አለ፤ የልጅ ሐኪም ነው የሌለው።»

በየኬላው ፖሊስ ሲያስወርደን ሕፃኑን እየተቀበልኳት ሄድን።

ረቡዕ፣ ናይሮቢ

ጠዋት ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ጋሽ ተስፋይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ታክሲ የሚነዳ የጽጌ ጎረቤት ነው። ኤርትራዊ ነው፤ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ስለተማረ አማርኛው ከእኔ ይጠራል።

«ቁርስ በኋላ። ጃሙ ሳይዘን ሆስፒታል እንሂድ» አለኝ።

ጃሙ፣ የመኪናው መጨናነቅ፣ አልቀረልንም። ስንደርስ አዲሱ የሕፃናት ክፍል ያምራል፤ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተስሏል፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ከክፍሎቹ ግማሾቹ ግን ተቆልፈዋል። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ ማሽኖቹ ከነላስቲካቸው ቆመዋል። ጋሽ ተስፋይ አንዷን ነርስ ጠየቃትና ተረጎመልኝ፦ «መንግሥት ለዕቃው ከፈለ፣ ለሚሠራበት ሰው ገና ነው ትላለች።»

መዝጋቢው ወጣት ነው። ወረቀቱን ገለባበጠው።

«ዓይኔማ ያያታል» አለ በጋሽ ተስፋይ በኩል፤ «በእናቷ ጀርባ ነው የመጣችው። ሲስተሙ ግን አሥራ አራት ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

ቁልፎቹን መታ መታ አደረገ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ሲታ» አለ፤ ስድስት ማለት ነው። «ፖሌ ሳና፣ ምዜ።»

«አይዞህ ሽማግሌው ነው የሚልህ» አለኝ ጋሽ ተስፋይ።

«ተራዋስ?»

ተራዋ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። የሚቀጥለው ከአራት ወር በኋላ ነው። ሐኪሟ ደግሞ ሶስና በአዋቂዎቹ ክፍል አሥራ አንድ ቀን ስትተኛ የሳንባ ምች እንደያዛት ነገረችን። «መጀመሪያ ከዚህ ሕመም ትዳን» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጽጌ ልጇን አዝላ ወደ ልጆቹ ክፍል አስገባቻት። ሶስና ትተነፍሳለች፣ ግን እንደ ሥራ ነው የምትተነፍሰው።

«ጋሼ፣ እዚህ ካርቱን አለ» አለችኝ። «ዳዳዋ ከፈተችልኝ።» ነርሷን ማለቷ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ከጽጌ ጋር ተቀመጥን። «ያን ቅጽ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። መጀመሪያ ቀን ሲያሳዩኝ ጽሑፍህን ለየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያን ሁሉ መንገድ እሱን እያሰብክ እንዳትመጣ ብዬ።»

አለቀስኩ። ሰው ያያል አላልኩም።

መልስ

በስድስተኛው ቀን ሶስና ሳሏ ቀለል አላት፤ ሐኪሟም ደህና ናት አለች፤ ተነሣሁ። ማርሳቢት ላይ ለጽጌ ስደውል ስልኳን ጋሽ ተስፋይ አነሣው። «ጽጌ ትንሽ ጋደም ብላለች። ልጅቷ ደህና ናት፤ አንተ በሰላም ግባ» አለኝ። ያቤሎ ላይ ደወልኩ፣ ያንኑ አለኝ። ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ ጉንፋን መሰለኝ።

ሐዋሳ አድሬ ረፋድ ላይ ቤቴ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ተደርድሯል። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ሻንጣዬን ተቀበለችኝና ዓይኔን ሳታይ ዞረች። የእድራችን ዳኛ «ወንበር ስጡት» አሉ። የእኛ ሰው ለመንገደኛ መርዶ አይነግርም፤ ቤቱ እስኪገባ ይጠብቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅኩ። ሶስና ያረፈችው እኔ ገና ማርሳቢት ሳልደርስ ነው።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ልጻፍ። ያ ክፍል መሠራቱ ደግ ነው፤ ገንዘቡም እውነትም ወጥቶበታል። ግን ሕንፃ ልጅን አያይም፤ የሚያይ ሰው መቀጠር አለበት፤ የሚያየው ሰውም ከሲስተሙ በላይ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ይህን ለማንም እናገራለሁ። ስናገር ግን ቅጹን የሞላው እጅ የእኔ መሆኑን አብሬ እናገራለሁ፤ አለዚያ አፌን መዝጋት ይሻለኛል።

ከገባሁ በሦስተኛው ቀን ጽጌ ደወለች። የሶስናን የሞት ምስክር ወረቀት ሰጥተዋታል። ዕድሜዋ በትክክል መጻፉን ጠየቅኳት።

«ራሴ ነኝ የሞላሁት» አለችኝ።